ሰማይን የሣለ እጅ፤ የኤትየን ሌዎፖል ትሩቭሎ የሕይወት ታሪክ

የሰማይ አካላትን የሚለካ ባለሙያና የሰማይን መልክ የሚሥል ሠዓሊ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ስፍራ ተቀምጠው አንዱን ሰማይ ቢመለከቱ ሁለቱም ይጠቀማሉ የሚለው አሳብ በዘመናችን በብዙ አገሮች ተቀባይነትን አግኝቷል። በአሜሪካ አገር በአሪዞና የሚገኘው የግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ በ2019 የሌሊት ጨለማው የተጠበቀለት ፓርክ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰየመ። ከሁለት ዓመት በኋላም በ2021 የሥነ ፈለክ ባለሙያዎችን በየተራ እየጋበዘ፣ በታላቁ ገደል አፋፍ ላይ ማደሪያ እየሰጠ፣ ሰማዩን እንዲመለከቱና ለጎብኚው ሕዝብ እንዲያስረዱ ማድረግ ጀመረ። ጥሪው የሌሊቱን ሰማይ የሥራቸው ርእስ ላደረጉ ሠዓሊያንም ጭምር የተላለፈ ነበር።

ሰማይን ለማየት ወደ ፓርክ መሄድ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ምክንያቱ የየከተማው መብራት ነው። በ2016 የታተመ አንድ የዓለም ካርታ እንዳመለከተው፣ በሰው ሠራሽ ብርሃን ብዛት የተነሣ ከዓለም ሕዝብ ከሦስት አንዱ ያህል፣ ከሰሜን አሜሪካ ነዋሪ ደግሞ ከአምስት አራቱ ያህል ፍኖተ ሐሊብን ከመኖሪያ ቀዬው ሆኖ ማየት አይችልም። ለአያቶቻችን ከደጃፍ ወጥቶ ቀና ማለት ብቻ ይበቃ የነበረው ነገር፣ እነሆ ዛሬ እንደ ብርቅዬ አውሬ በክልል የሚጠበቅ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሠዓሊውንና የሥነ ፈለክ ባለሙያውን የማገናኘቱ አሳብ የፓርኮቹ ፈጠራ አይደለም። ከመቶ አምሳ ዓመት በፊት አንድ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ፣ በሥነ ፈለክ ሙያ ያልሠለጠነን አንድ ስደተኛ ሠዓሊ ወደ ታላቅ ቴሌስኮፕ ጋብዞ፣ ያየውን ሁሉ እንዲሥል ፈቅዶለት ነበር። ያ ሠዓሊ ኤትየን ሌዎፖል ትሩቭሎ ይባላል። ስሙ በሥነ ፈለክ ታሪክ በምስጋና፣ በደን ጥበቃ ታሪክ ግን በምሬት ይነሣል። የአንድ ሰው ስም በሁለት ሙያዎች ዘንድ ይህን ያህል ተራርቆ መነሣቱ ለእኛ ለባለሙያዎች ሊታሰብበት የሚገባ ስለሆነ፣ የሕይወቱን ታሪክ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ለማኅበርተኞቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈረንሳይ ወደ ሜድፎርድ

ትሩቭሎ ዲሴምበር 26 ቀን 1827 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኤን አውራጃ ውስጥ በምትገኝ አንዲት መንደር ተወለደ። ወጣትነቱ የፈረንሳይ ፖለቲካ እጅግ በተናወጠበት ዘመን ላይ የወደቀ ነበር። በ1848 የንጉሡ አገዛዝ ፈርሶ ሪፐብሊክ ሲታወጅ የሪፐብሊክ ደጋፊዎች ተስፋ ለመለመ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ፣ በዲሴምበር 1851፣ ፕሬዚዳንቱ ሉዊ ናፖሌዎን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ፤ በዓመቱም ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ይህን የተቃወሙ ብዙ ሰዎች አገር ለቀው ተሰደዱ። ትሩቭሎም ከነዚህ አንዱ ሆኖ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1850ዎቹም በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሜድፎርድ፣ ሚርትል በተባለው ጎዳና ከቤተሰቡ ጋር ኑሮውን መሠረተ።

መተዳደሪያው ሥዕልና በድንጋይ ላይ ሥሎ የማተም ጥበብ ነበር። ይህ ሙያ ዓይንን ለጥቃቅን ልዩነት፣ እጅን ለትዕግሥት የሚያሠለጥን እንደ መሆኑ መጠን፣ የኋላውን ሥራ ለመረዳት ልብ ሊባል ይገባዋል። ከእንጀራው ሥራ ባሻገር ልቡ ያደላው ግን ወደ ተፈጥሮ ምርምር፣ ይልቁንም ወደ ነፍሳት ነበር። በቦስተን የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ውስጥ ገብቶ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ጋር ተዋወቀ።

የሐር ትልና የመረብ አጥር

በዚያ ዘመን የሐር ነገር የብዙዎችን አሳብ የሳበ ጉዳይ ነበር። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት የደቡቡ ጥጥ ለሰሜኑ ፋብሪካዎች እንደ ልብ መድረሱ ቀርቶ ነበር። በአውሮፓ ደግሞ ፔብሪን የተባለ በሽታ የሐር ትሎችን እየፈጀ የፈረንሳይን የሐር ሥራ ከጥፋት አፋፍ ስላደረሰው፣ ሊቁ ሉዊ ፓስተር በ1865 ለነገሩ መፍትሔ ለመፈለግ ምርምር ጀምሮ ነበር።

ትሩቭሎም በአሜሪካ አየር የሚበረታና ሐር የሚሰጥ ትል ለማግኘት ተነሣ። በመጀመሪያ የመረጠው ፖሊፌመስ የተባለውን፣ በዚያው በአሜሪካ የሚገኘውን ትልቅ የእሳት እራት ነው። ከጥቂት ትሎች ጀምሮ እያራባ፣ ሁለት ሄክታር የሚሆን ቁጥቋጦ መሬት በመረብ አጥሮና ሸፍኖ፣ ከወፎች እየተከላከለ፣ በ1865 አንድ ሚሊዮን ያህል ትሎች በቅጠሉ ላይ ይመገቡ እንደ ነበር ጽፏል። ትሉ ከእንቁላሉ ሲወጣ፣ ቆዳውን ሲገፍፍ፣ ሐሩን በዙሪያው ሲፈትል የተመለከተውን ሁሉ በ1867 በአንድ የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣ። ጽሑፉ ያለማንም ረዳት በገዛ ግቢው ሲደክም ለኖረ ሰው የሚያስመሰግነው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ስሙን ያጎደፈው ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ገደማ ትሩቭሎ የአንድ ሌላ የእሳት እራት እንቁላሎች ከአውሮፓ አስመጣ። ይህ ዓይነት በአውሮፓ ደኖች ውስጥ ቅጠል በመፍጀቱ የታወቀ ነው። ለምን እንዳስመጣው በእርግጠኝነት የተጻፈ ባይኖርም፣ ለሐር ሥራ ሙከራ መሆኑ ይገመታል። በ1868 ወይም በ1869 ከአባጨጓሬዎቹ ጥቂቶቹ አምልጠው ወደ ጎረቤት ዛፎች ገቡ። ትሩቭሎ የነገሩን አደገኛነት ተረድቶ በአካባቢው ለነበሩ የነፍሳት ተመራማሪዎች እንዳስታወቀ ይነገራል፤ ሆኖም በጊዜው እርምጃ የወሰደ አካል አልነበረም። ነገሩም ለዐሥር ዓመት ያህል ተረስቶ ቀረ።

እርሱ ግን ከዚያ ወዲህ የነፍሳትን ሥራ ተወ። ዓይኑንም ከቅጠል አንሥቶ ወደ ሰማይ አቀና።

ማርች 1 ቀን 1872

በ1870 አካባቢ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ አውሮራ ወይም የሰሜን ብርሃን የሚባለው ክሥተት ደጋግሞ ይታይ ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ ብርሃን የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚወረወሩ ቅንጣቶች በምድር ማግኔታዊ ኃይል ተመርተው ከከፍተኛው አየር ጋር ሲጋጩ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ምንነቱ ገና ያልተፈታ ነበር። ብርሃኑ በየቅጽበቱ መልኩንና ቀለሙን ስለሚለውጥ፣ የዘመኑ ካሜራ ሊይዘው የማይችል ነበር። ትሩቭሎ በዓይኑ አይቶ በእጁ ያዘው።

ከነዚህ ሥዕሎች የታወቀው ማርች 1 ቀን 1872 ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ የታየውን አውሮራ የሚያሳየው ነው። ቀኑ በሌላም ምክንያት በታሪክ የተመዘገበ ነው። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት በፈረሙት ሕግ የሎስቶን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ለዚያ ሕግ መውጣት ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ ባለፈው ዓመት ከጥናት ቡድኑ ጋር ወደ ስፍራው ተጉዞ የነበረው የሠዓሊው የቶማስ ሞራን ሥዕሎች ናቸው። የምክር ቤት አባላት ያላዩትን አገር በቀለም አይተው እንዲጠበቅ ወሰኑ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሠዓሊያን ሥራቸውን ለሳይንስ አቀረቡ፤ አንደኛው የምድርን ድንቅ፣ ሁለተኛው የሰማይን ድንቅ። ምድሩ በዚያው ዕለት ጥበቃ አገኘ። ለሌሊቱ ሰማይ ግን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ፣ በዩታ የሚገኘው ናቹራል ብሪጅስ፣ እስኪሰየም ድረስ እስከ 2007 መጠበቅ ነበረበት።

በሃርቫርድ ጉልላት ሥር

የሃርቫርድ መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ ጆሴፍ ዊንሎክ የትሩቭሎን የአውሮራ ሥዕሎች ባየ ጊዜ የሰውየው ዓይን ተራ ዓይን አለመሆኑን ተገነዘበ። በዚሁ በ1872 ዓመት ወደ ጣቢያው አስገብቶ ትልቁን ቴሌስኮፕ አስረከበው። ይህ መሣሪያ በጀርመን አገር ተሠርቶ በ1847 የተተከለ፣ ሌንሱ 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በተተከለበት ዘመን በዓለም ላይ ከነበሩት ታላላቆች የሚቆጠር ነበር። የዊንሎክ ዓላማ የሰማይ አካላት በኃይለኛ መሣሪያ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ ለሕዝብና ለተማሪ የሚያሳዩ ሥዕሎችን አሰባስቦ ማሳተም ነበር።

በሌሊት የመሣልን ችግር ያልሞከረው ሰው በቀላሉ አይረዳውም። የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር እስኪላመድ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ወረቀቱን ለማየት ፋኖስ ቢያበሩ ደግሞ ያ የተላመደ ዓይን በቅጽበት ይበላሻል። ስለዚህ ሠዓሊው ያየውን በአእምሮው ይዞ፣ በደካማ ብርሃን ጥቂት መሥመር ጭሮ፣ እንደገና ወደ ጨለማው መመለስ አለበት። የአየሩም መንቀጥቀጥ ምስሉን እንደ ወንዝ ውኃ ያናውጠዋል። ጥርት ብሎ የሚታየው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ያችን ቅጽበት በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልጋል። ምድር ስለምትዞርም የሚታየው አካል ያለማቋረጥ ከመስኩ ይሸሻል።

ትሩቭሎ ለዚህ ያበጀው ዘዴ የሠዓሊንና የመሐንዲስን ጥበብ ያጣመረ ነበር። በቴሌስኮፑ የዓይን ሌንስ ላይ በቀጫጭን መሥመሮች በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ መስተዋት አደረገ። ወረቀቱንም በዚያው ልክ በአራት ማዕዘን ከፋፈለ። ከዚያም እያንዳንዱን ነቁጥ በመስተዋቱ ላይ ከተቀመጠበት ክፍል ወስዶ በወረቀቱ ትክክለኛ ክፍል ላይ አኖረ። በዚህ ዓይነት ሥዕሉ ውበቱን ሳያጣ ልኩን ጠበቀ። በኋላም ፓስቴል በተባለው የደረቅ ቀለም ጥላውንና ብርሃኑን አለሰለሰው።

በጁን 1875 ዊንሎክ በድንገት ሞተ። የተዘጋጁት 35 ሥዕላዊ ገጾች ግን ከእርሱ በኋላ በ1876 በጣቢያው የታሪክ መዝገብ ውስጥ ታተሙ። በዚያው በ1875 ትሩቭሎ በዋሽንግተን ወደሚገኘው የባሕር ኃይል መመልከቻ ጣቢያ ተጋብዞ ሄደ። በዚያ የነበረው 66 ሳንቲ ሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ በጊዜው በዓይነቱ በዓለም ትልቁ ነበር። በዚያው መሣሪያ አሳፍ ሆል በ1877 የማርስን ሁለት ጨረቃዎች አገኘ። ሠዓሊው በዚህ መሣሪያ አጠገብ ተቀምጦ የኦሪዮንን ኔቡላና ሌሎችንም ደካማ ብርሃን ያላቸውን አካላት መረመረ። በዚያው ዓመት ፀሐይን ሲከታተል፣ በሌሎች ዘንድ ያልተስተዋሉ የደበዘዙ ነቁጦችን አይቶ የተጋረዱ ነቁጦች ብሎ ሰየማቸው። እንዲህም ሆኖ ለሥዕል የተጠራው ሰው የምርምር ጽሑፍ አቅራቢ ሆነ። በሕይወት ዘመኑ ሃምሳ ያህል የሳይንስ ጽሑፎች አሳትሟል።

በዋዮሚንግ ሜዳ

ጁላይ 29 ቀን 1878 የጨረቃ ጥላ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ የአሜሪካ ሊቃውንት አብዛኞቹ በባቡር ወደ ምዕራብ ጎረፉ። ትሩቭሎ በዋዮሚንግ ግዛት ክሬስተን ከተባለች ብቸኛ የባቡር ጣቢያ ሰፈረ። የሎስቶን በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ ግዛት ውስጥ ነው። ስፍራው ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ፣ ዛፍ አልባ ሜዳ ነው።

የግርዶሹ ሙሉ ጨለማ የቆየው ሦስት ደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነበር። ሌሎቹ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መሣሪያ ሲያነቡ፣ የትሩቭሎ ድርሻ መላውን መልክ መያዝ ነበር፤ ይኸውም በጠቆረው የጨረቃ ክብ ዙሪያ የሚፈልቀውን ኮሮናና ከጠርዙ የሚንቦገቦጉትን ቀያይ ነበልባሎች ነው። በሥዕሉ ላይ ኮሮናው ወደ ሁለቱ ጎኖች እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ይታያል። ዛሬ እንደሚታወቀው ይህ ቅርጽ የፀሐይ ነቁጦች እጅግ በሚያንሱበት ዘመን የሚታይ ሲሆን፣ 1878 በእርግጥም እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ሠዓሊው ምክንያቱን ሳያውቅ ያየውን በታማኝነት ስላሰፈረ፣ ሥዕሉ የኋላ ሰዎች ላገኙት እውነት ምስክር ሆነ።

በዚያው ዕለት፣ በዚያው የባቡር መሥመር ላይ በምትገኘው በሮሊንስ ከተማ ቶማስ ኤዲሰን የኮሮናውን ሙቀት ለመለካት አዲስ መሣሪያውን ተክሎ ነበር። ኤዲሰን በዓመቱ በ1879 ለረጅም ሰዓት የሚበራውን የኤሌክትሪክ አምፖል ለማሳየት በቃ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጥላ ሥር ሰማይን ባዩበት ጊዜ፣ የሌሊቱን ሰማይ ከከተማ የሚያባርረው መብራት ሊወለድ የቀረው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

ዐሥራ አምስቱ ሥዕሎች

ትሩቭሎ በዐሥር ዓመት ውስጥ ካከማቻቸው ሥዕሎች መካከል ዐሥራ አምስት መርጦ፣ በ1882 በኒው ዮርክ በቀለም አሳተማቸው። ከፀሐይ ነቁጦች፣ ነበልባሎችና ግርዶሽ ጀምሮ፣ አውሮራውን፣ የዞዲያክን ብርሃን፣ የጨረቃን ገጽና ከፊል ግርዶሿን፣ ማርስን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን፣ የ1881ን ታላቅ ጅራታም ኮከብ፣ በኖቬምበር 1868 የታዩትን ተወርዋሪ ከዋክብት፣ የፍኖተ ሐሊብን ክፍል፣ የሄርኩለስን የከዋክብት ክምችትና የኦሪዮንን ኔቡላ ያካተቱ ናቸው። ዋጋቸው 125 ዶላር ነበር። ይህ በዘመኑ ለተራ ሰው የማይሞከር ገንዘብ ስለ ነበር፣ በአብዛኛው የገዟቸው መመልከቻ ጣቢያዎችና ቤተ መጻሕፍት ናቸው።

ከሥዕሎቹ ጋር ባወጣው ማብራሪያ ላይ ትሩቭሎ፣ ፎቶግራፍ ለብዙ ነገር ቢጠቅምም በደካማና በረቂቅ ብርሃን ረገድ የሠለጠነን ዓይን ሊተካ እንደማይችል አስገንዝቧል። ይህ አስተያየት በተጻፈበት ጊዜ ፍርዱ እውነት ነበር። ነገር ግን ሄንሪ ድሬፐር በሴፕቴምበር 1880 የኦሪዮንን ኔቡላ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። በ1883 ደግሞ እንግሊዛዊው አንድሩ ኤንስሊ ኮመን የካሜራውን ዓይን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ በማቆየት፣ ሰው በዓይኑ ያላያቸውን ከዋክብት በመስተዋት ላይ አሳየ። የሰው ዓይን የብርሃንን ጠብታ ሊያጠራቅም አይችልም፤ የፎቶግራፍ ቅብ ግን ያጠራቅማል። በዚህ ጥቂት ዓመት ውስጥ የሠዓሊው የሳይንስ ሥራ ከበላይነቱ ወረደ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በሙዶን

ናፖሌዎን ሦስተኛ ከወደቀና ፈረንሳይ እንደገና ሪፐብሊክ ከሆነች ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። በ1882 ትሩቭሎ ከሠላሳ ዓመት ገደማ ስደት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ከፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በሙዶን መመልከቻ ጣቢያ ሥራ ያዘ። የጣቢያው መሥራችና ኃላፊ ዡል ዣንሰን በፀሐይ ፎቶግራፍ ስመ ጥር የሆነ ሊቅ ነበር። በዓይንና በእጅ የሚያምነው ሰው፣ በካሜራ ከሚያምነው ሰው ሥር ማገልገል ግድ ሆነበት። ሆኖም አብረው ሠርተዋል። በሜይ 1883 ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለመመልከት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ወደምትገኘው ካሮላይን ደሴት በአንድ ጉዞ ሄደዋል።

በእርጅናው ዘመን የኤሌክትሪክ ፍንጣሪን በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ በቀጥታ በማሳረፍ የሚያማምሩ የቅርንጫፍ ቅርጾችን ያነሣ ሲሆን፣ እነዚህ ቅርጾች ከስሙ ጋር ተያይዘው ይታወቃሉ። እንግዲህ የካሜራ ጠላት ነበር ማለት አይቻልም። ስለ ቬኑስ ፕላኔትም ለብዙ ዓመታት የተመለከተውን በ1892 አሳተመ። በፕላኔቷ ቀንዶች ላይ ያያቸውን ነጫጭ ነቁጦች ከጠጣሩ ገጽ ላይ የሚነሡ ከፍታዎች አድርጎ ተርጉሟቸዋል። ዛሬ እንደምናውቀው የቬኑስ ገጽ በወፍራም ደመና የተሸፈነ ስለሆነ ትርጉሙ አልጸናም። እንግዲህ እጁ ያየውን በማስፈር ታማኝ ነበር፤ የተሳሳተው የታየውን በመተርጎም ላይ ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1895 በሙዶን አረፈ።

የአባጨጓሬው ዘመን

ትሩቭሎ አሜሪካን በለቀቀበት በዚያው በ1882፣ በሚርትል ጎዳና ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በግቢያቸው ዛፎች ላይ የአባጨጓሬ ብዛት ያስተውሉ ጀመር። በ1889 ነገሩ መቅሠፍት ሆነ። አባጨጓሬዎቹ የሜድፎርድን ዛፎች ቅጠል አልባ አድርገው ወደ ቤቶቹ ግድግዳ፣ ወደ አጥሩና ወደ መንገዱ ፈሰሱ። ነዋሪዎች በመጥረጊያ እየጠረጉ ያቃጥሏቸው ነበር። ሌሊት ቅጠል ሲቆረጥሙ ድምፃቸው ይሰማ እንደ ነበር በወቅቱ ከተሰበሰበው የምስክሮች ቃል መረዳት ይቻላል። የማሳቹሴትስ መንግሥት በ1890 በጀት መድቦ ማጥፋት ጀመረ፤ በ1900 ግን ምክር ቤቱ ገንዘቡን አቋረጠና ትግሉ ቆመ።

ይህ ነፍሳ የሚስፋፋበት መንገድ ቀላል ነው። እናቲቱ ክንፍ ቢኖራትም አትበርም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎቿን ግን በዛፍ ግንድ፣ በድንጋይ፣ በጋሪ፣ በእንጨት ጭነት ላይ ሁሉ ትጥላለች። የተፈለፈለውም ትንሽ ትል በገዛ ድሩ ተንጠልጥሎ ነፋስ ይወስደዋል። እንዲህ እያለ ከክፍለ አገር ወደ ክፍለ አገር ተዛመተ። በ1957 ይህን ነፍሳ ለማጥፋት በኒው ዮርክ አካባቢ በአውሮፕላን የተረጨው ዲዲቲ ሕዝቡን እስከ ፍርድ ቤት አደረሰው። ያም ክርክር በ1962 ሬቼል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ መርዝ ባሳተመችው ታዋቂ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አገኘ። በ1981 ብቻ ከአምስት ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን ቅጠሉን ተገፈፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በቨርጂኒያ የሚገኘው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የባሉጥ ዛፎቹን በብዛት ያጣው በዚሁ አባጨጓሬ ነው። የአሜሪካ የነፍሳት ተመራማሪዎች ማኅበር በ2022 የነፍሳውን የቀድሞ እንግሊዝኛ ስም፣ አንድን ሕዝብ የሚያዋርድ ነው በማለት፣ የእንቁላሉን ስፖንጅ መሰልነት በሚያመለክት ስም ለውጦታል። ስሙ ተለወጠ፤ አባጨጓሬው ግን አልጠፋም።

ለሙያችን የሚተርፈው

ትሩቭሎ በሕይወት ዘመኑ ሰባት ሺህ ያህል የሰማይ ሥዕሎችን እንደ ሠራ ይነገራል። ፎቶግራፍ በነገሠበት ዘመን ብዙ ጣቢያዎች የታተሙትን ሥዕሎቹን እንዳረጀ ዕቃ ስለጣሏቸው፣ ዛሬ ዐሥራ አምስቱም ተሟልተው የሚገኙት በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። እነዚያም እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ። በጨረቃና በማርስ ላይ የሚገኙ ሁለት ጉድጓዶች በስሙ ተሰይመዋል። የቀድሞ ሥዕሎቹ ዋጋ የታወቀው፣ ሰማይ ከከተማ ነዋሪ ዓይን ከተሰወረ በኋላ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ካሜራው የከዋክብቱን ቁጥር ቢያበዛም፣ ሰው በጨለማ ቆሞ የሚያየውን ያን ረቂቅ ብርሃን እንዳየው አድርጎ የሚያሳይ የሠዓሊ እጅ ነው። ፓርኮቹ ሠዓሊውንና የሥነ ፈለክ ባለሙያውን በአንድነት መጋበዛቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገሮችን መውሰድ እንችላለን። አንደኛው የዊንሎክ ውለታ ነው። በማዕረግና በምስክር ወረቀት ሳይወሰን፣ ለሠለጠነ ዓይን መሣሪያውንና ጊዜውን የሰጠ ኃላፊ ባይኖር ኖሮ፣ ትሩቭሎ በሜድፎርድ ግቢው እንደ ተረሳ ይቀር ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን ከሌላ ሙያ የሚመጣውን እንግዳ በር ከፍተን ለመቀበል ምን ያህል ዝግጁ እንደ ሆንን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛው የሚከብደው ነው። የኦሪዮንን ኔቡላ በየማዕዘኑ እየለካ አንዲት ነቁጥ ከቦታዋ እንዳትዛነፍ የተጠነቀቀው ያው ሰው፣ ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ሕያው ነገር በመረብ ብቻ ያግደዋል ብሎ አመነ። ለሩቁ የነበረው ጥንቃቄ ለቅርቡ ጎደለ። ጥፋቱን በማሳወቁ ሊመሰገን ይችላል። የሰሙት ባለሙያዎች ግን እንደ እርሱ ሁሉ ከዝምታው አይነጹም፤ ያኔ በአንድ ጎዳና ዛፎች ላይ ሊቆም ይችል የነበረው ነገር ከመቶ አምሳ ዓመት በላይ ገንዘብና ደን ሲበላ ኖሯልና። አንድ ባለሙያ ስሕተቱን ሲናገር ለመስማትና ፈጥኖ ለመድረስ የተዘጋጀ የሙያ ማኅበር መኖሩ፣ ከራሱ ከባለሙያው ጥንቃቄ የማያንስ ነገር ነው። የማኅበራችን መቋቋም ትርጉም የሚያገኘውም በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው።